ክሊከር፦ ሰውን ከሚፈራ የግቢ ውሻ ጋር መተማመንን ለመገንባት ምን ያህል ይጠቅማል?

ክሊከር በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ፣ በአውራ ጣት ሲጫኗት «ቀጭ» የሚል አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ናት። ድምፁን የሚፈጥረው በውስጧ ያለ ስስ የብረት ቅጠል ሲሆን ሲጫኑት ይጎብጣል፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ባትሪ አያስፈልጋትም፣ የሚበላሽ ብዙ ክፍልም የላትም። በአሜሪካና በአውሮፓ የቤት እንስሳት ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች በጥቂት ዶላር ወይም ዩሮ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን በየሱቁ የምትገኝ ዕቃ ስላልሆነች የእኔን ያመጣችልኝ ለበዓል ከአሜሪካ የመጣች እህቴ ናት።

ስለዚህች ዕቃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ውሻን መቀመጥ፣ መተኛትና እጅ መስጠት ስለ ማስተማር ነው። እኔ ግን የገመገምኳት በሌላ ጥያቄ ነው፤ ሰውን የሚፈራና አድጎ የመጣ የግቢ ውሻ በአዲሱ ባለቤቱ እንዲተማመን ለማድረግ በእርግጥ ትረዳለች ወይ? በከተማችን ብዙው ውሻ የሚያድገው ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሌሊት ተለቆ፣ ምግብ ከሚያቀርብለት ሰው በቀር ማንንም ሳይቀርብ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር የሚያመጣው ችግር ትእዛዝ አለማወቅ አይደለም። እጅን ይፈራል፤ ፍርሃቱም በጊዜው ካልተፈታ ወደ መንከስ ሊያመራ ይችላል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ክሊከር ውሻን በራሷ አታላምድም፤ ይሁን እንጂ የሰውየውን አድራጎት ሥርዓት ታስይዛለች፣ ውሻውም መተማመን የሚጀምረው የሰውየው አድራጎት ሥርዓት ሲይዝ ነው። ለዚህ ሥራ ካየኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የተሻለች ሆና አግኝቻታለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ክሊከር ያለ በመሆኑ አንደኛውን ለሚፈራ ውሻ ፈጽሞ አልመክረውም፤ ምክንያቱን ከታች እዘረዝራለሁ።

የሞከርኳት መከታ በሚባል ሐበሻ ውሻ ላይ ነው። መከታ ባለቤቶቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ከእነርሱ ጋር ሊሄድ ስላልቻለ ወደ እኛ ግቢ የመጣ፣ ሙሉ በሙሉ ያደገ ወንድ ውሻ ነው። የአንገቱ ፀጉር በሰንሰለት ብዛት ሳስቶ ነበር። መጥረጊያ ሲነሣ ይሸማቀቃል፣ እጅ ወደ ራሱ ሲዘረጋ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መሸሻ ሲያጣ ደግሞ ያጉረመርማል። ከማንኛውም ልምምድ በፊት የእንስሳት ሐኪም ግቢ ድረስ መጥቶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትላትል መድኃኒት ሰጥቶታል። ታሪኩ የማይታወቅ ውሻ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ ይህን እንዲያስቀድም አጥብቄ እመክራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና በደንብ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው መዘግየት አይገባም።

የክሊከር አሠራር የተመሠረተበት ዕውቀት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ከምግብ በፊት በተደጋጋሚ የሚሰማ ምልክት ብቻውን የውሻን ምራቅ ማመንጨት እንደሚጀምር አሳይቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 እንስሳትን ስለ ማስተማር ለሕዝብ በጻፈው ጽሑፍ፣ በወቅቱ ለልጆች ይሸጥ የነበረውን «ቀጭ» የሚል የብረት መጫወቻ ለዚህ ሥራ መጠቀም እንደሚቻል ጠቁሟል። የእርሱ ተማሪዎች የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ዘዴውን ከቤተ ሙከራ አውጥተው እንስሳትን ማሠልጠን መተዳደሪያቸው አደረጉት። አሜሪካዊቷ የእንስሳት አሠልጣኝ ካረን ፕራየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ ዶልፊኖችን በፉጨት ስታሠለጥን ያገኘችውን ልምድ ይዛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክሊከርን ወደ ተራው ውሻ አሳዳጊ እጅ አደረሰችው። የዶልፊኑ ታሪክ ለእኛ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ያለን እንስሳ በአንገቱ ገመድ አስሮ መጎተት ወይም በዱላ ማስፈራራት አይቻልምና አሠልጣኙ የግድ እንስሳው በፈቃዱ የሚመጣበትን መንገድ መፈለግ ነበረበት።

ሕጉ አንድ ነው፦ ቀጭ ካለ ምግብ ይከተላል። በስሕተት ቢጫኑት እንኳ ምግቡ ይሰጣል። መተማመን የሚገነባው በዚህች ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሚፈራ ውሻ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ከሰው እጅ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። ያው እጅ ጠዋት እንጀራ ይሰጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ በድንጋይ ያባርረዋል፣ ማታ ሰንሰለቱን ይፈታለታል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ኖሯል፤ እውነትነት አለው፤ ውሻ የሚመግበውን ቤት ይጠብቃል። ነገር ግን ቤትን መጠበቅና የቤቱን ሰው እጅ አለመፍራት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን በየግቢው የታሰሩ ውሾች በየቀኑ ያሳዩናል። ምግብ በሳህን አስቀምጦ ዞር ማለት ሆድን ይሞላል እንጂ እጁን ከመልካም ነገር ጋር አያያይዝለትም።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ድምፁ በሰፊው መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ላለ ውሻ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ክሊከር አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ሳጥን ሲሆን የብረቱ ቅጠል በግልጽ ይታያል። ድምፁ ኃይለኛ ነው። የዚህ ዓይነት ዕቃ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የብረት መጫወቻ እ.ኤ.አ. በጁን 1944 ኖርማንዲ ላይ በሌሊት የወረዱ የአሜሪካ ፓራሹት ወታደሮች በጨለማ ለመተዋወቂያ ተጠቅመውበታል፤ አንድ ጊዜ ለሚሰማ ድምፅ ሁለት ጊዜ መመለስ የወዳጅ ምልክት ነበር። በሜዳ ላይ ለመተዋወቂያ ያገለገለ ድምፅ በጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ያውም ከውሻ ጆሮ አጠገብ፣ ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው ዓይነት ከላይ የተነሣ ክብ ቁልፍ ያለው፣ ብረቱ በውስጡ የተሸፈነና ድምፁ ለስለስ ያለ ነው። እህቴ ሁለቱንም አምጥታልኝ ነበርና ማወዳደር ችያለሁ።

በእኛ ከተማ ያደገ ውሻ ስለ ድንገተኛ ድምፅ የራሱ ትዝታ አለው። ከቡሄ በፊት ባሉት ሳምንታት ልጆች በየመንደሩ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ነሐሴ 13 ሲደርስ ደግሞ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ዱላቸውን እየደበደቡ በየበሩ ይቆማሉ። እኛ የምንወደውና ልጆቻችን እንዲወርሱት የምንፈልገው ይህ ባህል በሰንሰለት ለታሰረ፣ መሸሻ ለሌለው ውሻ ግን የጭንቅ ወቅት ነው። በአዲስ ዓመትና በመስቀል የሚተኮሰው ርችትም ይጨመርበታል። የሳጥኑ ክሊከር ድምፅ ከጅራፍ ድምፅ ጋር በጥራቱም በድንገተኛነቱም ይመሳሰላል። መከታ የሳጥኑን ድምፅ ከሩቅ እንደ ሰማ ጭራውን ሆዱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ኋላ ገብቷል። ባለ ቁልፉን በወፍራም የሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ ከኪሴ ውስጥ ስጫነው ግን ጆሮውን ብቻ አቁሞ ተመለከተ። ስለዚህ ለሚፈራ ውሻ የሚገዛ ሰው የሳጥኑን ዓይነት ትቶ ባለ ቁልፉን ይምረጥ፤ መጀመሪያም በጨርቅ አፍኖ፣ ከውሻው ራቅ ብሎ ይጠቀምበት፤ ውሻው ድምፁን ከምግብ ጋር ካያያዘ በኋላ ጨርቁን ቀስ በቀስ ማሳሳት ይቻላል። ልምምዱንም በጅራፉ ወራት መጀመር አልመክርም፤ ዝናቡ ካበቃና ርችቱም ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ እጅግ የተሻለ ነው።

ዕቃዋ ከምግብ ውጪ ትርጉም የላትምና ስለ ምግቡም መናገር ይገባል። የተገዛ የውሻ ብስኩት አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኝ የበሬ ሳንባ በሚገባ ተቀቅሎ፣ ያለ ጨው በጥፍር መጠን ተቆራርጦ ሲቀርብ ውሾች አጥብቀው ይወዱታል፤ እጅንም እንደ ጉበት አያጨቀይም። «በሚገባ ተቀቅሎ» ያልኩት ለጣዕም ብዬ አይደለም። በአገራችን በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ውስጥ በውኃ የተሞላ ከረጢት መሳይ እባጭ በብዛት ይገኛል፤ ይህ የአንድ የውሻ ትል እጭ ሲሆን፣ ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ እባጭ ያስከትላል። እባጭ የታየበት ሳንባ መቃጠል ወይም መቀበር አለበት እንጂ ለውሻ መወርወር የለበትም። ውሻን የሚዳብስ ልጅ ያለበት ቤት ይህን በተለይ ሊያስተውል ይገባል።

ከወጥ የተረፈ ሥጋም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሁለቱ አይሠራም። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ በበዓል ማግስት ለውሻ የሚጣለው የዶሮ አጥንት ደግነት ሆኖ ቢታይም አደጋ ነው። ጾም ሲገባ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ በቤቱም ሥጋ አይበስልም። እኛ ለውሻው የተለየች ድስት መድበን ከጾሙ በፊት የተቀቀለ ሳንባ በትንንሽ ቁራሽ አድርገን በማቀዝቀዣ እናስቀምጣለን። ሲያልቅ የተቀቀለ ካሮትና ድንች ያለ ጨው እናቀርባለን። ካሮቱ እንደ ሳንባው አያስጎመጅም፤ ስለዚህ በጾም ወራት አዲስና ከባድ ነገር አናስተምርም፣ የተማረውን ብቻ እንደግማለን።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ውሻው በሰንሰለት ሳይሆን በተዘጋ ግቢ ውስጥ ተለቆ፣ ሰውየው ጎኑን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ሳያፈጥበት በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ቀጭ ያደርግና አንድ ቁራሽ ከራሱ ራቅ አድርጎ ወደ ውሻው ይወረውራል። ከውሻው ምንም አይጠየቅም። ይህ ሲደጋገም ውሻው ድምፁን በሰማ ቁጥር ምግቡን መፈለግ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ትርጉም አግኝቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ውሻው በራሱ ፈቃድ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ቀጭ፤ ወደ እጅ ሲያይ ቀጭ፤ አፍንጫውን ወደ መዳፍ ሲያስጠጋ ቀጭ። እዚህ ላይ ዕቃዋ ከቃል ምስጋናና ከምግብ ብቻ የምትለይበት ጥቅም ይታያል። ውሻው አፍንጫውን ወደ እጅ የሚያስጠጋው ለቅጽበት ነው፤ ምግቡ ከኪስ ወጥቶ እስኪደርስ ግን ሸሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚሸለመው መሸሹ ይሆናል። ቀጭ የምትለዋ ድምፅ ግን ያቺን የድፍረት ቅጽበት ለይታ ትይዛለች፣ ምግቡ ትንሽ ቢዘገይም ውሻው ስለ የቱ አድራጎት እንደ ተሸለመ ያውቃል።

አንድ ልምምድ አጭር መሆን አለበት፤ ውሻው ገና ሲፈልግ ማቆም ይገባል። መከታ በሳምንታት ውስጥ አፍንጫውን መዳፌ ላይ ማሳረፍ ጀመረ፤ አንገቱን እስኪያስነካ ግን ወራት ፈጅቷል፤ አንገቱ ሰንሰለት የኖረበት ቦታ ነውና መዘግየቱ ተገቢ ነበር። ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል፤ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑን ነጭ ያሳያል፣ ባለበት ደርቆ ይቆማል። እነዚህ ሲታዩ እጅን መሰብሰብና መራቅ እንጂ «ይልመድ» ብሎ መቀጠል አይገባም። ማጉረምረሙንም መቅጣት ትልቅ አደጋ አለው፤ እንዳያጉረመርም የተቀጣ ውሻ ፍርሃቱ አይቀንስለትም፣ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ትቶ በቀጥታ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል።

ዕቃዋ ከገመትኩት በላይ የጠቀመችን ከቤተሰቡ ብዛት የተነሣ ነው። ቀን ግቢውን የሚጠብቁት ጋሽ ዘበኛችን፣ ልጆቼና እኔ ድምፃችንም አነጋገራችንም ይለያያል፤ አንዳችን ስንደክም ወይም ስንናደድ ይህ በድምፃችን ይታወቃል፣ ውሻውም ይሰማዋል። የክሊከር ድምፅ ግን በማንም እጅ አንድ ነው። ጋሽ ዘበኛችን መጀመሪያ ላይ «ልጄ፣ ውሻ ካልፈራ ግቢ አይጠብቅም» ብለውኝ ነበር። ይህ አስተያየት በአገራችን በሰፊው የሚታመንበት ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስለት ይገባል። መከታ እኛን መፍራት ከተወ በኋላ በእንግዳ ሰው ላይ መጮኹ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጋሽ ዘበኛችን ሲጠሩት ወደ እርሳቸው ስለሚመጣ ለእንግዳ በር መክፈት ቀሏል። ከዚያ ወዲህ ባለ ቁልፉ ክሊከር በእርሳቸው የካፖርት ኪስ ውስጥ ይኖራል።

ጥናቶች የሚሉትንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ዕቃዋን የሚሸጡ ሰዎች አንዳንዴ ከእውነቱ በላይ ያሞግሷታልና። እ.ኤ.አ. በ2016 ጣሊያን ውስጥ በ51 ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ክሊከር፣ የቃል ምልክትና ምግብ ብቻ ሲወዳደሩ በመማር ፍጥነት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ክሊከር ውሻን ከሌላው መንገድ ሁሉ ፈጥኖ ያስተምራል የሚለው ማስታወቂያ መታመን የለበትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ በፖርቶ ከተማ አካባቢ በ92 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቅጣት የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች ውሾች በልምምድ ጊዜ ይበልጥ የጭንቀት ምልክት እንደሚያሳዩና ከልምምዱ በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ የምደርስበት ፍርድ ግልጽ ነው፤ ልዩነት የሚያመጣው ሽልማት ወይስ ቅጣት የሚለው ምርጫ ነው፣ ክሊከርዋ ደግሞ የሽልማቱን መንገድ ለጀማሪ ሰው ግልጽ የምታደርግ መሣሪያ ናት።

ይህ ዘዴ ለቅምጥል የፈረንጅ ውሻ ብቻ የሚሆን ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ እዚሁ አጠገባችን ያለውን ሥራ ይመልከት። ዋና ማሠልጠኛው በታንዛኒያ ሞሮጎሮ የሆነው አፖፖ የተባለ ድርጅት ግዙፍ የአፍሪካ አይጦችን ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ በሽታን በማሽተት እንዲለዩ የሚያሠለጥነው በዚሁ በክሊከር ድምፅና በምግብ ነው። ካምቦዲያ ውስጥ ፈንጂ ሲያሸት የኖረው ማጋዋ የተባለው አይጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ የብሪታንያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። የነቀርሳ ምርመራው ሥራ አዲስ አበባም ደርሷል። በገመድ ተይዞ ፈንጂ ሜዳ የሚያቋርጥን አይጥ በዱላ ማሠልጠን አይታሰብም፤ አይጡም ሰውየውም አንዱ በሌላው መተማመን አለባቸው።

ከሌሎች በገበያ ካሉ ዕቃዎች ጋር ሳወዳድራት ልዩነቱ ሰፊ ነው። በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ሲጎተት አንገት የሚያንቅ ሰንሰለት ውሻው ሲጎትት ሕመም እየሰጠ የሚሠራ ነው፤ ሕመሙ ሲመጣ ውሻው የሚያየው ባለቤቱን ወይም በመንገድ የሚያልፈውን ልጅ ስለሆነ ሕመሙን ከእነርሱ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሠራውን የአንገት ማሰሪያ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከልክላዋለች፤ እኔም እጅን ለሚፈራ ውሻ በምንም ምክንያት አልመክረውም። ለእግር ጉዞ ደረትን የሚይዝ ሰፊ ማሰሪያ መልካም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ለማልበስ ውሻው መነካትን መፍቀድ ስላለበት ከክሊከር ልምምድ በኋላ የሚመጣ ነው። መከታም ዛሬ የሚወጣው በእርሱ ነው።

ጉድለቶቿን ደግሞ ልዘርዝር። የሳጥኑ ዓይነት የብረት ቅጠል በክረምቱ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል፣ ድምፁም ይደፈናል። ባለ ቁልፉም ትንሽ በመሆኗ ትጠፋለች፤ በእጅ አንጓ የሚታሰር ላስቲክ ያለውን መምረጥ ይሻላል። በአንድ እጅ ክሊከር፣ በሌላው ምግብ ይዞ ገመድንም ለመቆጣጠር መሞከር ለጀማሪ ይከብዳል፤ በተዘጋ ግቢ መጀመር ይገባል ያልኩትም በከፊል ለዚህ ነው። ልጆች መጫወቻ ካደረጓትና ምግብ ሳይከተል ደጋግመው ካጮኹዋት ውሻው ድምፁን ማመን ያቆማል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ መቀመጥ አለባት። ውሻን ለመጥራትም አታገለግልም፤ ድምፁ «አሁን ያደረግኸው መልካም ነው» ማለት እንጂ «ና» ማለት አይደለም፤ ሁለቱን የደባለቀ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ሰው ለነከሰ ውሻ ደግሞ ክሊከር ገዝቶ ብቻውን ለመሞከር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ያማክር፤ ድንገት የመጣ ቁጣ ከሕመም የሚነሣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ክሊከር ማግኘት ያልቻለ ሰው ልምምዱን መተው የለበትም። ቁልፉ የሚጮኽ እስክሪብቶ፣ መሐሉ እብጥ ያለ የማርማላታ ጠርሙስ የብረት ክዳን፣ ወይም በምላስ የሚሰማ አጭር ድምፅ ይተካታል። ከሁሉ የሚቀርበን «ጎሽ» የሚለው ቃል ነው፤ አጭር ነው፣ ከአፋችን አይጠፋም፣ ለልጆቻችንም ለምስጋና የምንጠቀምበት በመሆኑ በደግ ድምፅ ይወጣል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ መባልና ሁልጊዜ ምግብ እንዲከተለው ማድረግ። መስማት ለተሳነው ውሻ ደግሞ ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ግን ባለ ቁልፉንና የእጅ ላስቲክ ያለውን ዓይነት ብሎ ለይቶ ያስመጣ፤ ክብደቷ ኢምንት ነውና በማንኛውም መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች፤ ሁለት ማስመጣት ደግሞ ይበጃል፣ አንዷ ለቤቱ ሰው፣ ሌላዋ ለዘበኛው።